ከላያችን ያለፈው የጦርነት ዘመን ተዋጊ ነው ወይስ የተማሪ አውሮፕላን? ከመሀል አዲስ አበባ ሆኖ የመለያ መመሪያ

ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነበርን። ማኪያቶዬ ገና አልቀዘቀዘም። ከሰማይ «ግርርር» የሚል ነገር መጣ። ቀና ስል አንድ ሞተር ያለው፣ ክንፉ ከሆዱ ሥር የተዘረጋ፣ ቀጠን ያለ አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አየሁ። «ስፒትፋየር!» ብዬ ጮህኩ። አጠገባችን ጫማ የሚጠርገው ልጅ ሳይቀር ብሩሹን ጥሎ ተነሳ። «ጋሼ፣ ምንድነው?» አለኝ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ መሆኑን ለአምስት ደቂቃ ያህል አስረዳሁት።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አጎቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ጎማው ወጥቶ ነበር?» አዎ። «የጭራው አግዳሚ ከላይ ጫፉ ላይ ነበር?» አዎ። «በል ልጄ፣ ያየኸው የአብራሪነት ተማሪ ነው። ተኛ» አሉኝ።

በማግስቱ ለሊስትሮው ልጅ እርማት ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ደብተር ይዣለሁ። ይህ መመሪያ ከዚያ ደብተርና ከአጎቴ ጥያቄዎች የወጣ ነው።

መጀመሪያ፦ ዕድላችሁን እወቁት

እንግሊዝ አገር ቢሆን በጋ በመጣ ቁጥር የአየር ትርኢት አለ፤ ስፒትፋየር ከቤት ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ማየት ብርቅ አይደለም። እኛ ጋ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላችሁ አንድም ላታዩ ትችላላችሁ።

ግን ዝግ አይደለም። አፍሪካን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጡ አሮጌ አውሮፕላኖች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከቀርጤስ ደሴት ተነስተው ኬፕታውን ለመድረስ ያሰቡ፣ ባለ ድርብ ክንፍ ጥንታዊ አውሮፕላኖች ከሱዳን ተሻግረው ጋምቤላ ገብተው ነበር። «ያለፈቃድ ገባችሁ» ተብለው ሁለት ቀን ያህል እዚያው ቆይተው ተለቀቁ። አዲስ አበባ አልደረሱም እንጂ አንድ ቀን የሚደርስ አይጠፋም።

ደግሞም ይህ ሰማይ ለእነዚህ ማሽኖች እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል፣ ባለ ድርብ ክንፍ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር፤ ያመጣው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ነው። በ1933 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የጣሊያን ፊያት ሲአር 42 እና የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሃሪኬን በአገራችን ሰማይ ላይ ሲታኮሱ ከረሙ። መጋቢት 28 ቀን ከተማዋ ከፋሺስት እጅ ወጣች፤ በሚያዝያ 27 ንጉሡ ገቡ። አራት ኪሎ ያለው ሐውልት የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

ከጦርነቱ በኋላም የእኛው አየር ኃይል የጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች ገዝቷል። ከስዊድን ሳብ 17፣ ቀጥሎ ደግሞ ፌሪ ፋየርፍላይ። ስለዚህ አያታችሁ «እኔ በልጅነቴ ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ ከተማው ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ» ካሉ አትሳቁባቸው። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 1፦ የሰማዩን ነዋሪዎች ልመዱ

አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። መጽሐፍ ገዝቶ የስፒትፋየርን ሥዕል ያጠናል፤ በየቀኑ ከላዩ የሚያልፈውን ግን አያውቅም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። የሠፈሩን ሰው የማያውቅ እንግዳውን አይለይም።

የቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። ከመሀል ከተማ ስትቆሙ ኤርፖርቱ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይሆንባችኋል። ስለዚህ ትልልቆቹ ጄቶች በአብዛኛው ከከተማው ደቡብ ይታያሉ እንጂ በእንጦጦ በኩል ዝቅ ብለው አይመጡም። እነሱ አያሳስቱም፤ እንዝለላቸው።

የመጀመሪያው አሳሳች ኪው 400 ነው። የአገር ውስጥ በረራ የሄደ ሰው ሁሉ ተሳፍሮበታል። ሁለት ፕሮፔለር ስላለው ብቻ «አሮጌ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ክንፉ ከጀርባው በላይ ነው። ጭራው ቲ ቅርጽ አለው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር ስድስት ምላስ አለው። ድምፁ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለ፤ ያ የተርባይን ፉጨት ነው። በጦርነቱ ዘመን ፕሮፔለር የሚያሽከረክረው ፒስተን ነበር፤ እንዲያ ያለ ፉጨት አይሰማችሁም።

ሁለተኛው ሴስና 172 ነው። ክንፉ ከላይ፣ ጎማው ሁልጊዜ ወጥቶ የሚሄድ፣ ዝግ ያለ። ድምፁን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ቮልስ ፈልጉ። ከተማችን ውስጥ እንደሆነ ቮልስ ሞልቷል። የሁለቱም ሞተር አራት ሲሊንደር ያለው፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ሴስና ማለት በድምፅ የቮልስ ታላቅ ወንድም ነው። ይህን ጆሯችሁ ከለመደ ግማሹን ስህተት አስወገዳችሁ።

ሦስተኛው እኔን ያዋረደኝ ዳይመንድ ዲኤ 40 ነው። የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። አንድ ሞተር፣ ከታች የተዘረጋ ክንፍ፣ ቀጭን ሰውነት፣ ክብ ብሎ የሚያብረቀርቅ መስታወት። ከሩቅ ላየው ተዋጊ ይመስላል። ግን ሁለት ነገር ያጋልጠዋል። አንዱ ጎማው ነው፤ ከነሽፋኑ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ አይታጠፍም። ሌላው ጭራው ነው፤ አግዳሚው የቆመው ጭራ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በስም ከምትሰሟቸው የጦርነቱ ዘመን ባለ አንድ ሞተር ተዋጊዎች አንዱም እንዲህ ያለ የቲ ጭራ አልነበረውም። ቲ ካያችሁ ጨዋታው አበቃ፤ ወደ ማኪያቷችሁ ተመለሱ።

ስለ ሄሊኮፕተር አልነግራችሁም። ስለ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ ግን ትንሽ ልበል። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በሙቅ አየር ላይ ሲንሳፈፉ፣ በተለይ ፀሐይ ከኋላቸው ስትሆን፣ ጥቁር ጥላቸው አውሮፕላን ይመስላል። ደብተሬ ውስጥ «ድምፅ አልባ ተዋጊ፣ ቸርችል ጎዳና» የሚል መዝገብ አለ። ወፍ ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ እነዚህን ብቻ መዝግቡ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ።

ደረጃ 2፦ ቦታና ሰዓት

ሰፊ ሰማይ ያስፈልጋችኋል፤ በተለይ በደቡብና በምሥራቅ። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ጥሩ ናቸው፤ መቀመጫም ሰማይም በነፃ። ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር ማየትም ደስ ይላል፤ መንገዱ ስለሚወርድ ሕንፃው ከፊታችሁ ዝቅ ይላል። ልደታና ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ መቆም ደግሞ ለስሜቱ ነው። የታክሲ ረዳቶች በየቀኑ «ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» እያሉ የሚጣሩት ዝም ብሎ የመጣ ስም አይደለም፤ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የልደታው ነበር።

ክረምቱን እርሱት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደመናው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጠዋት ነው የእናንተ ሰዓት። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ፊት ለፊታችሁ ከሆነች የምታዩት ጥላ ብቻ ነው፤ ቀለምም ምልክትም የለም።

ከረጃጅም ሕንፃዎች ራቁ። ምክንያቱ እይታ ብቻ አይደለም። መስታወታቸው ድምፅ ይመልሳል። ሜክሲኮ አካባቢ ቆሜ አንድ ሞተር ከምዕራብ ሲመጣ ሰማሁና ወደ ምዕራብ ዞርኩ። አውሮፕላኑ ከኋላዬ ነበር፤ የሰማሁት ከሕንፃው የተመለሰውን ነው። አቅጣጫው ካጠራጠራችሁ ጭንቅላታችሁን ግራና ቀኝ አዙሩና ድምፁ ሲደምቅ ያዙት።

ደረጃ 3፦ ምን ትይዛላችሁ፣ ወዴትስ አታነጣጥሩም

ደብተር፣ እርሳስ፣ ሰዓት። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ካላችሁ 8 በ42 የተጻፈበት ይበቃል፤ ከዚያ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያበላሻል።

አሁን ቁም ነገር። መሀል ከተማ ያላችሁት ቤተ መንግሥት፣ ፓርላማና የጦር ተቋማት ባሉበት ነው። መነጽርም ሆነ ረጅም ሌንስ ወደ እነዚህ ግቢዎች አታዙሩ፤ በአጠገባቸውም አታውጡ። አውሮፕላኑ በዚያ በኩል ካለፈ በዓይናችሁ እዩትና ይለፍ። አንድ ጊዜ ከአንድ ግቢ አጥር ማዶ መነጽሬን ከቦርሳ ሳወጣ ጥበቃው መጣ። «ምን ታያለህ?» አለኝ። «አውሮፕላን» አልኩት። ቀና አለ። ሰማዩ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልነግራችሁም። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ድሮን የሚባል ነገር ደግሞ ያለ ፈቃድ እንዳታስቡት።

ደረጃ 4፦ ከዓይን በፊት ጆሮ

አውሮፕላንን መጀመሪያ የምታውቁት በጆሮ ነው። ችግሩ ድምፅ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። አውሮፕላኑ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ድምፁ እናንተ ጋ እስኪደርስ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተዋጊ በዚያ ሦስት ሰከንድ 300 ሜትር ወደፊት ሄዷል። ስለዚህ ድምፁ የመጣበትን ቦታ ካያችሁ ባዶ ሰማይ ታያላችሁ። ድምፁ ከሚሄድበት ፊት ፊቱን ፈልጉ። አጎቴ ይህን በአንድ አባባል አስተማሩኝ፦ «የውሻውን ጩኸት ትተህ ጥንቸሏን እይ።»

ቀጥሎ የድምፁ ዓይነት። የጦርነቱ ዘመን ሞተሮች በሁለት ይከፈላሉ።

አንደኛው አሥራ ሁለት ሲሊንደር በቪ ቅርጽ የተደረደረበት፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ነው። የስፒትፋየርና የሃሪኬን ሮልስ ሮይስ መርሊን እንዲህ ነው፤ 27 ሊትር። የቤት መኪናችሁ 1.3 ሊትር ከሆነ ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው። ብዙ ሲሊንደር ስላለ ምቱ ተያይዞ አንድ ወጥ ይሆናል። አይቆራረጥም። ከሩቅ ሲመጣ ጉሮሮው ውስጥ የሚያጉረመርም አንበሳ፣ ከላይ ሲያልፍ ደግሞ ሸራ ሲቀደድ የሚሰማውን ይመስላል። ማስታንግ የሚባለው ተዋጊ ላይ ሲገጠም ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በፍጥነት ሲወርድ ፉጨት አለው።

ሁለተኛው ሲሊንደሮቹ በፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሪያ በክብ የተሰደሩበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የፊያት ሲአር 42 ሞተር፣ የእኛው ሳብ 17 ሞተርም ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ ይንደቀደቃል። የወፍጮ ቤት ሞተር አስቡ፤ እህል ሲገባበት የሚያሰማውን ወፍራም «ዱግ ዱግ ዱግ»፣ ግን በጣም የፈጠነ። ደረት ላይ ይሰማል።

ልምምዱ ይህ ነው። በዩቲዩብ የመርሊንን፣ የክብ ሞተርንና የሴስናን ድምፅ አግኙ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ሰው ያጫውትላችሁ። እህቴ ለሦስት ማታ ፈተነችኝ። በአራተኛው ማታ በመሀል የወንድማችንን ባጃጅ ቀድታ አስገባችብኝ። «ክብ ሞተር» ብዬ መለስኩ።

ደረጃ 5፦ አሥር ሰከንድ፣ አራት ጥያቄ

አውሮፕላኑ ከሕንፃ ጀርባ ወጥቶ ሌላ ሕንፃ ጀርባ እስኪገባ አሥር ሰከንድ ቢኖራችሁ ነው። ቀለም አትዩ። ምልክት አትዩ። ቀለም ይዋሻል፤ የአሮጌ አውሮፕላን ባለቤቶች የፈለጉትን ቀብተው ይበራሉ። ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦

ክንፉ የት ነው? ከላይ ከሆነ የምትፈልጉት ተዋጊ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ከታች ከሆነ ቀጥሉ። ላይና ታች ሁለት ክንፍ ካለው ቁሙ፤ ቀናችሁ ነው።

አፍንጫው ምን ይመስላል? እንደ እርሳስ የሾለ ከሆነ የቪ ሞተር ነው። እንደ በርሜል የደነደነ ክብ ከሆነ ክብ ሞተር ነው። ጆሯችሁ አስቀድሞ ከነገራችሁ ጋር ይስማማል? ካልተስማማ አንዱ ተሳስቷል፤ እኔ ጆሮን አምናለሁ።

ጎማው የት ገባ? ከታጠፈ ሆዱ ልሙጥ ነው። ከተንጠለጠለ ወይ የተማሪ ነው፣ ወይ እንደ ሲአር 42 ካሉት ባለ ድርብ ክንፎች ነው።

ጭራው? ቲ ከሆነ ተዉት።

ሊስትሮው ልጅ አሁን እነዚህን አራቱን ከእኔ ፈጥኖ ይመልሳል። ያለፈው ወር «ጋሼ፣ ክንፍ ታች፣ ጎማ ወጥቷል፣ ቲ ነው፤ አትነሳ» አለኝ፤ ጫማዬን ሳይለቅ።

ደረጃ 6፦ ስም መስጠት

አራቱን ጥያቄ ያለፈ ካገኛችሁ አሁን ስሙን ፈልጉ። ብዙ ዓይነት ማጥናት አያስፈልግም። እነዚህን ያዙ።

ስፒትፋየር። የክንፉን ዙሪያ እዩ። ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ እንደ ዛፍ ቅጠል ከሥሩ ሰፍቶ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ተቆርጧል፤ ያ እንዳያሳስታችሁ። የሙቀት ማብረጃ ሳጥኖቹ ክንፎቹ ሥር ናቸው።

ሃሪኬን። የብዙ ሰው ስህተት «ስፒትፋየር» ብሎ መጥራቱ ነው። ሃሪኬን ጎባጣ ነው፤ ጀርባው ከአብራሪው ኋላ ያበጠ ይመስላል። ክንፉ ወፍራም ነው። ማብረጃው አንድ ሆኖ ሆዱ መሀል ተንጠልጥሏል። ለእኛ ከሁሉም የቀረበው ይኼ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተዋጋው እሱ ነውና። መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ አካባቢ የደቡብ አፍሪካው ሻምበል ጃክ ፍሮስት አውሮፕላኑ ተመትቶ ጠላት ወረዳ ውስጥ አረፈ። ጓዱ ቦብ ከርሾ ሃሪኬኑን እዚያው አጠገቡ አሳረፈና ጫነው። ሃሪኬን አንድ ወንበር ነው ያለው። ሁለቱ ተደራርበው ተቀምጠው በረሩ። ሃያ ሰው የጫነ ሚኒባስ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም። ያንን ማረፍ የቻለው የሃሪኬን ጎማዎች በሰፊው የተራራቁ ስለሆኑ ጭምር ነው፤ የስፒትፋየር ጎማዎች ግን የተቀራረቡ ናቸው፤ ሸካራ ሜዳ ላይ ያወዛውዙታል።

ማስታንግ። የክንፉ ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ አራት ማዕዘን። ሆዱ ሥር፣ ከክንፉ ኋላ፣ ትልቅ የአየር መሳቢያ አለው። በጎን ስታዩት እርጉዝ ነው።

ኮርሴር። ክንፉ ከሥሩ ወደ ታች ታጥፎ መሀሉ ላይ ወደ ላይ ይመለሳል። ከፊት የደብልዩ ፊደል ይመስላል። አይሳትም፤ አንድ ቃል አልጨምርም።

ፋየርፍላይ። የእኛም ስለነበረ ይግባ። ክንፉ ጥምዝ ስለሆነ ስፒትፋየር ትሉታላችሁ። ግን ገዘፍ ያለ ነው፤ ሰውም ሁለት ነው። አብራሪው ከፊት፣ ሌላው ራቅ ብሎ ከኋላ፣ የየራሳቸው መስታወት አላቸው። ሞተሩ ሮልስ ሮይስ ግሪፎን ነው፤ ከመርሊን ይበልጣል። የባሕር ኃይል አውሮፕላን ነበረ፤ መርከብ ላይ እንዲያርፍ የተሠራ ነገር ባሕር በሌለበት በደብረ ዘይት ኖረ።

ፊያት ሲአር 42። ባለ ድርብ ክንፍ፣ በርሜል አፍንጫ፣ የማይታጠፍ ጎማ፣ ክፍት የአብራሪ መቀመጫ። ይህን አየሁ የሚል ሰው ካለ ሁለቴ ይጠይቅ። ባለ ድርብ ክንፍ አሮጌ አውሮፕላን ዛሬ ቢመጣ ታይገር ሞዝ ወይም ስቲርማን የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ ሁለቱም በጦርነቱ ጊዜ ማሠልጠኛ ነበሩ፣ ዛሬም በብዛት ይበራሉ። ታይገር ሞዝ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ነው፤ ስቲርማን ክብ ሞተሩ ያለ ሽፋን ይታያል።

ስለ ባለ ድርብ ክንፍ ከተነሳ «ፀሐይ»ን ሳልጠቅስ አላልፍም። ተዋጊ አይደለችም። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሉድቪግ ዌበር በሚባል ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ መሪነት የተሠራች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ናት። ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ክብ ሞተር ያላት፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ፋሺስት ዘርፎ ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን መለሰች። ፎቶዋን አውጥታችሁ አራቱን ጥያቄ ጠይቋት። ክንፍ፣ አፍንጫ፣ ጎማ፣ ጭራ። ለመለማመጃ ከእሷ የተሻለ የለም።

ደረጃ 7፦ ትንሿ ጣት

መጠን በሰማይ ላይ ያታልላል። ስፒትፋየር ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። ሴስና 172 ደግሞ 11 ሜትር ገደማ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ስለዚህ «ትንሽ ነበር፣ ትልቅ ነበር» የሚለው ምንም አይነግራችሁም። ፍጥነት ነው የሚለያቸው፤ ፍጥነትን ለማወቅ ደግሞ ከፍታ ያስፈልጋል።

ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ። ትንሿን ጣት ወደ ሰማይ አንሱ። የ11 ሜትር ክንፍ ከጣቷ ውፍረት ጋር እኩል ከሆነ አውሮፕላኑ 600 ሜትር ያህል ርቋል። የጣቷን ግማሽ ካከለ 1,200 ሜትር። ለማነጻጸሪያ ረጅሙ የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው፤ ሦስቱን ደርቡት።

አሁን ቁጠሩ። አውሮፕላኑ በአናታችሁ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከፊታችሁ በአድማስና በአናታችሁ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ጀምሩ፤ ከኋላችሁ እዚያው እኩሌታ ላይ ሲደርስ አቁሙ። በ600 ሜትር ከፍታ ይህ ርቀት 1,200 ሜትር ነው። ሴስና ሃያ ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተዋጊ በአሥራ ሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ጣት ቀስራችሁ ሰማይ እያያችሁ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ስትሉ ሰው ያያችኋል። ይልመድባችሁ።

ደረጃ 8፦ ስልክ ከማውጣት በፊት ጻፉ

የማየትን ነገር የሚገድለው ስልክ ነው። ቪዲዮ እቀርጻለሁ ስትሉ አሥሩ ሰከንድ ያልቃል፤ የሚቀረው ነጭ ሰማይና አንዲት ነጥብ ናት። በቀን አምስት እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይላክልኛል፤ «ምንድነው?» ከሚል ጥያቄ ጋር። ነጥብ ነው።

መጀመሪያ ጻፉ። ሰዓት፣ የቆማችሁበት ቦታ፣ ከየት ወደ የት፣ ድምፁ፣ አራቱ መልሶች፣ የቆጠራችሁት ሰከንድ። ያላያችሁትን «አላየሁም» በሉ። ጎማውን ሳታዩ «ታጥፎ ነበር» ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚቀል ከራሴ አውቃለሁ፤ ስፒትፋየር እንዲሆን ስለምንፈልግ ዓይናችን ጎማውን ያጥፍልናል።

ከዚያ በኋላ ፍላይትራዳር 24 ክፈቱ። አብዛኛውን መንገደኛ አውሮፕላን በስምና በመንገዱ ያሳያችኋል። እዚያ ላይ ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ ግን «አገኘሁ!» አትበሉ። የጦር አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ አንዳንድ ትንንሾችም እንዲሁ። በበዓል ሰሞን ደግሞ የአየር ኃይል ልምምድ ሊኖር ይችላል፤ ጄት ከሆነ ከእኛ ጉዳይ ውጪ ነው።

ሁሉን አልፎ አሁንም ያልታወቀ ከሆነ የተጻፈውን ለሚያውቅ ሰው ላኩት። በየሠፈሩ የአየር ኃይል ጡረተኛ አይጠፋም፤ ቡና ጠርታችሁ አንብቡላቸው። የእኔ ደብተር ዛሬ 214 መስመር አለው። 213ቱ ስም አግኝተዋል፤ ሁሉም የሠፈር ሰው ናቸው። አንዱ ጋ ግን አጎቴ እስክሪብቶ አንስተው ቆም አሉ። ኅዳር፣ ጠዋት 2፡40፣ ለገሃር፣ ክንፍ ታች፣ በርሜል አፍንጫ፣ ጎማ ታጥፎ፣ ቲ ያልሆነ ጭራ፣ አሥራ አራት ሰከንድ። «ድምፁን እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «እንደገና» አሉ።